ኮፍያ የበዛበት ወር

ፀሐይም ብርድም በሌለበት ወር የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ለምን ኮፍያ እንደደፋ ለፀጉር አስተካካዩ ሊገባው አልቻለም። ገበያው ከቀዘቀዘ ወዲህ ሥራው ዝንብ ማባረር ሆኗል። ወሩ እንዲሁ ካለቀ የሱቁን ቁልፍ ላከራዩ መልሶ ዘበኛ ሊቀጠር ከሚስቱ ጋር ተስማምቷል። ከአባቱ የተማረው ሙያ በእሱ እጅ ሊቀር መሆኑ ያንገበግበዋል። ይሁንና የኮፍያው ነገር ከዚህ ሁሉ በላይ ከነከነው። አይ ሰው! ቤቱ እየፈረሰ የጎረቤቱን ጣሪያ ያያል።

የድሮ ደንበኛው ጎሚስታው በደጁ ሲያልፍ ጠራው።

“ወዳጄ፣ ራስህን ያምሃል እንዴ?”

“ኧረ ደህና ነኝ!” ብሎ ሊያመልጥ ሲል አስተካካዩ ኮፍያውን ላፍ አደረገው። ከሥሩ አይጥ የበላው ምንጣፍ የመሰለ ራስ ብቅ አለ።

“ማነው እንዲህ የፈረደብህ?”

“ሚስቴ ናታ! ለፀጉር የሚተርፍ ከየት ይምጣ? ሁሉም ቤት እኮ እንዲሁ ነው።”

“ራስ ሳይጠና ጉተና!” አለ አስተካካዩ ተናዶ። ወዲያው ግን ሳቁ መጣ። መቀሱን እንዴት ይዛ ይሆን? ከየት ጀምራ? “በል ቅዳሜ ይዘሃት ና። አንተ ለአንድ ጊዜ በምትከፍለኝ አስተምራታለሁ።”

የአስተካካዩ ሚስት ይህን ስትሰማ ጮኸች። “የጨነቀው እርጉዝ ያገባል አሉ! ሁሉም ከቻለበት አንተ ጋ ማን ይመጣል?”

“እኔም እሱን ነው ማወቅ የፈለግኩት” አላት። ፈርቷል፤ ግን ሳያየው መቅረት አልሆነለትም።

ቅዳሜ የጎሚስታው ሚስት ጎረቤቶቿን አስከትላ መጣች፤ እነሱም ባሎቻቸውን እየነዱ። ጠባቧ ክፍል በሳቅና “ወይኔ ጆሮዬን!” በሚል ጩኸት ተሞላች። ሴቶቹ የላይኛውን ቶሎ ለመዱት። ማጅራት ላይ ሲደርሱ ግን መስመሩ ሽቅብ ይሄድባቸዋል።

በሳምንቱ ባሎቹ ላዩን እቤታቸው ተስተካክለው ማጅራታቸውን ለእሱ ይዘው መጡ። ገረመው። በሩ ላይ “ማጅራት ብቻ፣ በግማሽ ዋጋ” ብሎ ለጠፈ። ሚስቱ “ማጅራት መቺ ሆነህ አረፍከው!” ብላ ሳቀችበት። ሰው ግን ከሌላ ሰፈርም ይመጣ ጀመር። ወሩ ሲያልቅ ተራ የሚጠብቀው ደጅ ድረስ ተሰልፎ ነበር፤ የአንድ ሰው እጅ አልበቃ አለ።

ከሴቶቹ ሁሉ ውሎ አድሮ ማጅራት የተዋጣላት የጎሚስታው ሚስት ናት። አንድ ቀን አስተካካዩ እሷን አስጠርቶ ወንበሩ ላይ ራሱ ተቀመጠ። ዕድሜውን ሙሉ ፀጉሩን ማንም ነክቶለት አያውቅም፤ በመስታወት እያየ ራሱ ነው የሚያስተካክለው።

“እስቲ አስተካክዪኝ።”

ጀመረች፤ ብዙም ሳትቆይ እጇን ሰበሰበች።

“ጋሼ፣ ልናገር ወይስ ልተወው?”

“ተናገሪ።”

“ከኋላ መስመሩ ጠሟል። የቆየ ነው መሰለኝ።”

ተራ የሚጠብቁት ሁሉ አቀረቀሩ።

“ታውቁ ነበር?”

“ዓመታት ሆኖታል” አለ ጎሚስታው። “ባለሙያውን ማን ደፍሮ ይናገራል ብለን ነው።”

አስተካካዩ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። “ከሰኞ ጀምሮ አብረሽኝ ሥሪ” አላት። “አሁን ግን አቃኚልኝ።”