የእማዬ ማደሪያ ወጪ

ፋርማሲስቷ ሥራ ቀይራ እህቷ ወደምትኖርበት ከተማ ስትመጣ፣ የቤት ዕቃዋን የጫነው መኪና መንገድ ላይ ቀረ። አጓጓዦቹ «ነገ ይገባል» ይሏታል፤ ነገም ሌላ ነገ ይወልዳል። እሷ ባዶ ቤት ውስጥ ካፖርቷን አንጥፋ አደረች። አብራት የምትኖረውን እናቷን ግን ወለል ላይ ማስተኛት አልሆነላትምና ልብስ ሰፊዋ ታናሽ እህቷ ዘንድ ወሰደቻት።

«ዕቃው እስኪደርስ ብቻ ነው» አለች፣ ጣቷን ቀስራ።

እናትየው እዚያ አማረባት። ከስፌት መኪናው አጠገብ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክላለች፣ ከደንበኛ ጋር ትቀልዳለች። ታላቂቱ ልትጠይቃት ስትመጣ የእናትና የልጅ ሳቅ ከደረጃው ይቀበላታል። እኔ ቤት እንዲህ ስቃ ታውቃለች? ቅናት ነው፣ ሌላ ስም አይገኝለትም።

«ውለታሽ ይቅርብኝ» አለቻት እህቷን። «አጓጓዡ ድርጅት በመዘግየቱ የወጣብኝን የማደሪያ ወጪ ይተካል። ደረሰኝ ጻፊልኝ፣ የእማዬን እከፍልሻለሁ።»

«እትዬ፣ አበድሽ እንዴ? እናቴን አከራየሁ ልበል?»

እናትየው ከቁልፎቿ ቀና አለች። «ጻፊላት፣ የኔ ልጅ። ካልከፈለች እንቅልፍ አይወስዳትም።»

ድርጅቱ አመላለሳት። ሠራተኛው «እናትዎ እህትዎ ቤት ካደሩ ምን ወጪ አለው?» ቢላት፣ «እናት በነፃ አትቀመጥም!» ብላ ጮኸችበት። ሰውዬው ግራ ገብቶት ፈረመ። ገንዘቡን ለእህቷ ስትሰጥ ደረቷ ተነፋ። አሁን ማንም ማንንም አላስጠጋም።

በመጨረሻ መኪናው ደረሰ። ሌላውን ዕቃ እንደታሸገ ትታ የእናቷን አልጋ ገጣጠመች፣ ንጹሕ አንሶላ አነጠፈች፣ እየሮጠች ልታመጣት ሄደች።

የታናሺቱ ቤት የልብስ መቁረጫ ጠረጴዛ ወደ ጥግ ተገፍቷል። መስኮቱ ሥር አዲስ አልጋ ተዘርግቷል። እናትየው ጫፉ ላይ ተቀምጣ ፍራሹን በእጇ ትጫነዋለች።

«ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?»

«በሰጠሽኝ ገንዘብ ነዋ፣ እትዬ» አለች ታናሺቱ። «የምትተኛበት ሶፋ ወገቧን ጎዳት። የእናቴን ኪራይ ልብላ እንዴ?»

እናትየው የታላቂቱን እጅ ይዛ አጠገቧ አስቀመጠቻት። «ተባረኪ፣ አንቺ ነሽ የገዛሽልኝ። እንግዲህ ማንንም ሳላስቸግር እዚሁ እሆናለሁ። አንቺም እየመጣሽ ትጠይቂኛለሽ።»

ታላቂቱ ያነጠፈችው አንሶላ ትዝ አላት። ፍራሹን እንደ እናቷ በእጇ ተጫነችው።

«ይመቻል» አለች።