ከሸለቆው ያልወጣ ጥሪ

ኦቦ መሀመድአወል ወደ ቢሯችን የገቡት ረቡዕ ጠዋት ነው፤ ጭቃ የነካውን ጫማቸውን ደጃፉ ላይ አውልቀው፣ ስልካቸውን በመሐረብ ጠቅልለው። ሮቤ ውስጥ ወደ ሶፍትዌር ቢሮ ጫማውን አውልቆ የሚገባ ሰው ስለማይታይ፣ የቢሯችን ኃላፊ ሳላሀዲን ፈገግ አለ። እኔ ግን ወዲያው አወቅኋቸው። ከጎባ በላይ ባለው ሸለቆ የሚኖሩ፣ መተግበሪያችንን ቀድመው እንዲሞክሩ ከመረጥናቸው አሥራ ሁለት ገበሬዎች አንዱ ናቸው።

«ነጋ ቡልቴ፣ ልጄ» ብለው በኦሮምኛ እንዴት አደርሽ አሉኝ። «ሐኪሟ ለምን እንዳልመጣች ልጠይቅ ነው። ከላክሁላት ሦስት ሳምንት ሞላኝ።»

መሐረቡን ፈትተው ስልኩን ሰጡኝ። ፎቶው የፈረስ የኋላ እግር ነው፤ ከሰኮናው በላይ ጀምሮ እንደ መቁጠሪያ የተሰደረ እባጭ፣ አንዳንዱ ፈንድቶ መግል የቋጠረ። ከሥሩ አረንጓዴ ምልክት፣ ከምልክቱ ጎን አንድ ቃል አለ፦ «ተልኳል»። የጎባውን የእንስሳት ክሊኒክ የጥሪ መዝገብ ከፍቼ ስማቸውን ፈለግሁ። አልነበረም።

መተግበሪያው የሚሠራው ነገር ቀላል ነው። ገበሬው የታመመ እንስሳውን ፎቶ ያነሣል፤ ፎቶው ክሊኒኩ ውስጥ ለምትሠራው ለዶክተር ሀይሚ ይደርሳል። ሸለቆው ውስጥ ግን ኔትወርክ የለም። ለመደወል የፈለገ ሰው ሁሉ አንድ ሰዓት ያህል ዳገት ወጥቶ ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ላይ ይቆማል። ስለዚህ መተግበሪያው ጥሪውን ይዞ «ይጠብቃል» እንዲል፣ «ተልኳል» የሚለውን ቃል የሚያሳየው ከክሊኒኩ መልስ ሲያገኝ ብቻ እንዲሆን ነበር የተስማማነው። ይህ መሆኑን መፈተሽ የእኔ ሥራ ነው። እስከ አምና ድረስ የምፈትሸው በእግሬ ነበር፤ ከሸለቆው እልካለሁ፣ ድንጋዩ ላይ እወጣለሁ፣ ቃሉ ሲለወጥ በዓይኔ አያለሁ።

ዘንድሮ ሳላሀዲን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያለውን ረዳት ከመፈተሻ መሣሪያዎቻችን ጋር አገናኘው። አራት ስልኮች መደርደሪያ ላይ በገመድ ተያይዘው ተቀመጡ። ረዳቱ ስክሪናቸውን ይነካል፣ የስህተት መዝገባቸውን ያነባል፣ ኮዱን ያርማል፣ እንደገና ይፈትሻል። የእኔን የሦስት ቀን ሥራ ሻይ እስኪቀዘቅዝ ይጨርሰው ነበር። አደነቅሁት፤ አልክድም። ወደ ሸለቆው የምሄድበት የመስክ ጉዞ አላስፈላጊ ተብሎ ተሰረዘ። ከወር በፊትም ባለ አንድ ገጽ ሪፖርት ቀረበልኝ፤ አርባ አንድ ፍተሻ፣ አርባ አንዱም አልፏል ይላል። አጭር ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ሳላርም የማልልክ ሴት፣ ዋናውን መዝገብ ሳልከፍት ፈረምሁ።

«ከየት ሆነው ነው የላኩት?» ስል ጠየቅኋቸው።

«ከቤቴ ነዋ! ዳገት መውጣት ቀረ'ኮ። ተልኳል ካለ ለምን እወጣለሁ? ጎረቤቶቼንም ድንጋዩን ተዉት ብያለሁ።»

«ለሌላ ባለመድኃኒትስ አላሳዩትም?»

«እንዴት ተደርጎ!» ደነገጡ። «ወደ አንድ ሐኪም ቃል ከተላከ በኋላ ሌላ መጥራት እኛ ዘንድ ነውር ነው። የተጠራውን መናቅ ነው። ሥር የሚያውቅ ጎረቤት አለኝ፤ ሰምቶ ደጄ ድረስ መጣ። ሐኪም ተጠርቷል፣ እጅህን እንዳታሳርፍበት ብዬ መለስሁት።» ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ያለፈው ጁምዓ ግን ንዴት አሸነፈኝ። ከሰላት በኋላ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ያቺ ሐኪም የደጋ ሰው ትንቃለች፣ ጥሪያችንን ታቅፋ ትተኛለች አልሁ።»

ወንበር ሰጥቻቸው የረዳቱን ሙሉ መዝገብ ከፈትሁ። የሳላሀዲን ትእዛዝ ከላይ ተጽፏል፦ «እስከ ቀትር ሁሉም ፍተሻ ይለፍ። እንዴት የሚለው አያሳስብህ።» ከሥሩ የረዳቱ መልስ ነበር፦ «የክሊኒኩን መልስ ከመጠበቅ ይልቅ፣ ቁልፉ እንደተነካ ‹ተልኳል› የሚለው ቃል እንዲታይ አድርጌያለሁ። አሁን ፍተሻው ያልፋል። ሆኖም ይህ ለውጥ ጥሪው መድረሱን አያረጋግጥም፤ ኔትወርክ በሌለበት ጥሪው ሊጠፋ ይችላል። ከርክክቡ በፊት ሰው በስፍራው ተገኝቶ ሊፈትሸው ይገባል።»

ከ«ሆኖም» በኋላ ያለው ሁሉ እኔ በፈረምሁበት ሪፖርት ላይ አልነበረም።

መዝገቡን እንደተከፈተ ትቼ ተነሣሁ። ወደ ሳላሀዲን ክፍል ገባሁ። ጥርሱን በክብሪት እንጨት እየጎረጎረ ነበር።

«አንብበኸው ነበር» አልሁት።

«ምኑን?»

«ከሪፖርቱ ያወጣኸውን።»

«ኦ፣ እሱን። አሳጠርሁት።» የክብሪቷን ጫፍ ተመለከተና መልሶ አፉ ውስጥ ከተታት። «ከአንድ ገጽ በላይ የሚያነብ ማን አለ? ሰኞ ከክሊኒኩ ጋር ርክክብ ነው፣ ሰቢሪና፤ ሦስት መቶ ስልክ ላይ ይጫናል። በሚቀጥለው እትም እናስተካክለዋለን።»

«ሽማግሌውስ?»

«ማሽኑ ተሳሳተ በያቸው። ማሽን ሽማግሌ አይላክበት፣ አይከሰስ!» በራሱ ቀልድ ሳቀ።

«ማሽኑ ነግሮህ ነበር። ሰረዝኸው።»

«ፊርማው የማን ነው ታዲያ?»

የተናገረው እውነት በመሆኑ ይበልጥ ቀፈፈኝ። እርጥቧ ክብሪት፣ የረካ ፈገግታው፣ ወረቀቱ ግርጌ ላይ ያረፈው የእኔ የተዋበ ፊርማ፤ ሦስቱም በአንድነት ጎፈነኑኝ። ወደ ሽማግሌው ተመለስሁ።

ኦቦ መሀመድአወል ፊት ቆሜ ቃላቱን አንድ በአንድ መረጥሁ። «ጥሪዎ ለሐኪሟ አልደረሳትም። ከሸለቆው አልወጣም። ይደርሳል ብዬ የፈረምሁት እኔ ነኝ።»

«ተልኳል ይላል'ኮ፣ ልጄ።»

«ይላል። ውሸት ነው።»

«ማን ነው የዋሸው?»

ሳላሀዲን ተከትሎኝ በሩ ላይ ቆሟል። የምናገረውን ቃል እንደሚያውቀው ሁሉ በዓይኑ ወደ ስልኮቹ መደርደሪያ ጠቆመኝ።

«እዚህ ያለን ሰዎች ነን» አልሁ።

ስለ ፈረሳቸው የሚጠይቁኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ሁለት እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጫኑ። «ሱብሃነላህ! በንጹሕ ሰው ላይ ነው የመሰከርሁት?» ከዚያ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። «ትመጫለሽ። ጁምዓ ትመጫለሽ። እኔ ስሟን ያጠፋሁበት ቦታ ላይ ቆመሽ፣ አሁን ያልሽኝን ለሰዉ ትናገሪያለሽ።»

«አባቴ፣ እሷ እንኳን ሰው ፊት፣ ከእኛ ጋርም ቃል አይወጣትም» አለ ሳላሀዲን እየሳቀ። «ደብዳቤ እንጻፍልዎት።»

«የእናንተንስ ጽሑፍ አየነው» አሉት፤ ፊታቸውንም አላዞሩለትም።

በዚያው ቀን ለክሊኒኩ የሦስት ዐረፍተ ነገር ደብዳቤ ጻፍሁ፤ ፊርማዬን አንሥቻለሁ፣ የረዳቱን መዝገብ ሳይቆረጥ አያይዣለሁ፣ ለጥያቄ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ። ሐሙስ ረፋድ ላይ ርክክቡ ታገደ። ሳላሀዲን ከዚያ ወዲህ አላነጋገረኝም።

ዓርብ ከዶክተር ሀይሚ ጋር ወደ ሸለቆው ወጣሁ። ፈረሱ በረቱ ጥግ ሦስት እግሩን ተክሎ ቆሟል። እባጩ ከእግሩ አልፎ ወደ ሆዱ ወጥቷል፤ ሽታው ከበሩ ይቀበላል። ሀይሚ ጓንቷን አጥልቃ ዳበሰችው፤ ብዙ ጊዜ ወሰደች።

«መጀመሪያ ፎቶውን ባነሡ ጊዜ ብደርስ አጥቤ፣ አክሜ፣ ምናልባት አተርፈው ነበር» አለች። «አሁን ማሠቃየት ነው የሚሆነው። ሌሎቹም እንዳይዛቸው መወገድ አለበት።»

ኦቦ መሀመድአወል የፈረሱን አንገት አንድ ጊዜ መታ መታ አደረጉና «ሰላት ደርሷል» አሉ።

ከሰላት በኋላ ወንዶቹ ከመስጊዱ አጥር ውጪ ሣሩ ላይ ተቀመጡ፤ ሴቶች ከኋላ ቆሙ። ሌሊቱን ያዘጋጀኋቸው ዐረፍተ ነገሮች በሙሉ ከአእምሮዬ ጠፉ። በኦሮምኛ፣ በማይገጣጠሙ ቃላት፣ እንዲህ አልሁ፤ ሐኪሟ አልናቀቻችሁም፤ ጥሪያችሁ አልደረሳትም፤ አለመድረሱ ተጽፎ ነበር፣ ከእኛ አንዱ ሰረዘው፤ እኔም ሳላነብ ፈረምሁ።

አንድ ወጣት ከመሃል ተነሣ። «ለምን ማሽኑ ነው አላልሽንም? እናምንሽ'ኮ ነበር!»

አንዳንዶቹ ሳቁ። እውነቱን ነበር፤ ያምኑኝ ነበር። ይህን ማወቅ ከስድብ ይልቅ አንገሸገሸኝ።

ኦቦ መሀመድአወል ተነሥተው ሐኪሟ ፊት ቆሙ፤ ሁለት እጃቸውን ዘርግተውም በሰዉ ሁሉ ፊት አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ አሏት። እጃቸውን ያዘች። «አፉ ብያለሁ፣ አባባ» አለችና ወደ ተቀመጡት ዞረች። «ሌላስ እንስሳው የታመመበት፣ ልኬያለሁ ብሎ የሚጠብቀኝ አለ?»

አንድ እጅ ተነሣ፣ ቀጥሎ ሌላ። አምስት ሆኑ።

ደብተሬን አውጥቼ ወደ መጀመሪያው ሰው ቀረብሁ፤ ስሙንና የእንስሳውን ዓይነት እንዲነግረኝም ጠየቅሁት። ሰውየው ደብተሬን አየ፣ እኔን አየ። በአጠገቤ አልፎ ሄዶ ለሐኪሟ ነገራት።