በካውያው ገመድ ላይ የማን እጅ ነው?

ማክሰኞ ጠዋት ሸሚዜን ልተኩስ ካውያውን ሳነሳ፣ ገመዱ ላይ የተጠቀለለው ፕላስተር የእኔ እንዳልሆነ አየሁ። ለሌላ ሰው ጥቁር የኤሌክትሪክ ፕላስተር ሁሉ አንድ ነው። እኔ ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት በኤሌክትሪክ ጥገና ሥራ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሽቦ አይቼ የማን እጅ እንደነካው እናገራለሁ። የእኔ ፕላስተር ቀጭንና የሚያብለጨልጭ ነው፣ በካርቶን ነው የማስገባው። እስኪሳሳ ስቤ እጠቀልለውና በጥርሴ በጥሼ እጨርሳለሁ። ይሄኛው ወፍራምና ደብዛዛ ነው። አንዱ ዙር በሌላው ላይ እኩል ግማሽ ግማሹን ተደርቦ፣ ጫፉ በስለት ተቆርጦ ልጥፍ ብሏል።

እንዲህ የሚሠራ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው፤ ምላጩ። ፕላስተር የሚቆርጥበትን ምላጭ ከደረት ኪሱ ስለማይለይ እኛ ያወጣንለት ስም ነው። ድሮ አንድ አለቃ ሥር አብረን ሠርተናል፤ ዛሬ ከቤታችን ሁለት መንገድ አልፎ የራሱ ሱቅ አለው። ሌላም ነገር አለ። ሚስቴን ከእኔ በፊት እንድታገባው ጠይቋት ነበር። እምቢ አለችው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያ እምቢታ ደረቴን ሲያስነፋኝ ኖሯል፤ ያን ጠዋት ግን ተጠራጠርኩት።

ሚስቴ ልብስ ሰፊ ናት። መስኮቱ ሥር መኪናዋ ላይ አጎንብሳ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች።

"ካውያውን ማን ነካው?" አልኳት።

"ምን ሆነ?" ዓይኗን ከስፌቱ አላነሳችም።

"ምንም።"

ቀናሁ። ሌላ ስም አላወጣለትም፤ ቀናሁ። ሦስት ቀን አኮረፍኳት። ወጣ ስትል ፕላስተሩን በጥፍሬ ልልጠው እታገላለሁ፣ እሱ ግን ወይ ፍንክች። ካውያው ሞቆ ሲበርድ፣ ገመዱ ታጥፎ ሲዘረጋ፣ ያ ጫፍ ካለበት አይነቃነቅም። ከሁሉ ያንገበገበኝ ይሄ ነበር። ትንሽ እንኳ ቢላቀቅ ግማሹን ይቅር እል ነበር።

ሐሙስ እራት ላይ ሚስቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። "የሆንከውን ንገረኝ፤ ካልሆነ ልጆቼን ይዤ እህቴ ቤት እሄዳለሁ። ከግድግዳ ጋር መኖር አልቻልኩም።"

እኔም በልቤ፣ ሰበብ አገኘሽ አልኩ።

ዓርብ ክር ልትገዛ ስትወጣ ካውያውን በፌስታል ይዤ ወጣሁ። መጀመሪያ ወደ ዕቃ መደብሩ ሄድኩ። "ይሄን ወፍራሙን ፕላስተር ማን ነው የሚገዛህ?"

"ምላጩ ነዋ!" አለ ባለመደብሩ እየሳቀ። "ደግሞ ሰሞኑን አንዲት..."

የቀረውን አልሰማሁም፤ በሩን አልፌያለሁ።

ምላጩ ሱቁ ውስጥ የውኃ ፓምፕ ፈቶ ተቀምጧል። ካውያውን ፊቱ ዘረገፍኩለት። "እጅህን ከቤቴ ሰብስብ!"

መነጽሩን አፍንጫው ላይ ዝቅ አድርጎ ገመዱን አየ፤ ከዚያ እኔን። "ይሄ የእኔ ሥራ አይደለም።"

"አትዋሽ፤ በስለት ነው የተቆረጠው!"

"አጥርተህ እይ፣ ወንድሜ። እኔ ቀጥ አድርጌ ነው የምቆርጠው። የዚህ ማዕዘኑ ክብ ነው፤ መቀስ ነው። ማዕዘን ከሌለው በየት በኩል ይነሳል? ይገርማል፣ እኔ እንኳ አስቤው አላውቅም።" ጫፉን በአውራ ጣቱ ዳበሰው። "ሠሪው ሥራ ከፈለገ ላክልኝ።"

ክብ ማዕዘን የት እንዳየሁ ያኔ ገባኝ፤ በልጄ ሱሪ ጉልበት ላይ። ሚስቴ የምትጥፈው እራፊ ሁሉ ማዕዘኑ ክብ ነው። አንዱ ቅናት ሳይወጣልኝ ሌላው ተተካ፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የእኔን ሥራ እንዲህ የዳበሰው ሰው የለም።

ቤት ስደርስ ሚስቴ ከዩኒፎርም ክምር ፊት ቆማለች። "ካውያዬ የት ሄደ? አርባ ልብስ ዛሬ ይረከቡኛል!"

"ምላጩ ጋ ወስጄው ነበር።"

"ምን ሊያደርገው?"

ነገርኳት፤ አንድም ሳልደብቅ። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

"ሦስት ጊዜ ጠገንክልኝ፣ ሦስቴም ተላቀቀ" አለች ቀስ ብላ። "መደብሩ ሄጄ ሦስት ዓይነት አስከፈትኩ። እርሳስ ላይ ጠቅልዬ መስኮቱ ላይ ፀሐይ አስመታኋቸው። በማግስቱ የአንተው ዓይነት ጫፉ ቆሟል፣ ሌላው ተንሸራቷል፣ ወፍራሙ እንዳለ ነው። የመጨረሻውን ዙር ሳልስብ አሳረፍኩት። ላስቲክ እኮ ነው፤ ስትስበው ይመለሳል። ስንት ዓመት ቀሚስ ወገብ ላይ የሰፋሁት ነገር።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ፕላስተርህ ተላቀቀ ብልህ ታኮርፋለህ ብዬ።"

ካውያውን ልትቀበለኝ እጇን ዘረጋች። መዳፏ መሀል ጥቁር ነጥብ አለ፣ ዙሪያው ቆዳው ተልጧል።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ለሦስተኛ ጊዜ የተላቀቀ ቀን ነዘረኝ።"

ሦስት ቀን ሙሉ የገመዱን ጫፍ ስመረምር ያ እጅ እራት ሲያቀርብልኝ ነበር።

"እስቲ አሳዪኝ" አልኳት።

"አሁን ነው የታየህ?" አለችና፣ በዚያው እጇ ካውያውን ሰክታ መተኮስ ጀመረች።