ያልተዘጉት ዲስኮች

ማጫወቻው ዲስኩን ተፋው። ቆጣቢት መልሳ ከተተችው። አጉረመረመ፣ ትንሽ አሽከረከረና አሁንም ተፋው። ከኋላዋ የአዋላጅነት ተማሪዎች ወንበራቸውን እያንቋቁ ይጠብቃሉ።

"ነገ እኮ ማዋለጃ ክፍል ሊገቡ ነው" አለች መምህርቷ ጠጋ ብላ። "ትከሻው የተያዘ ሕፃን እንዴት እንደሚወጣ በአፍ ብነግራቸው ምን ይገባቸዋል? ማየት አለባቸው።"

"አቧራ ይዞት ነው። ሌላ ዲስክ ላምጣ" አለች ቆጣቢት። አቧራ እንዳልሆነ ግን ጠርጥራለች።

ቆጣቢት ያሏት የኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ባልደረቦቿ ናቸው። የቪዲዮ ክፍሉ ኃላፊ ሆና ከመጣች ወዲህ ባዶ ክፍል ውስጥ መብራት አይበራም፣ ጀርባው ያልተጻፈበት ወረቀት አይጣልም። ስሙ ስድብም ሙገሳም ነበረበት፤ እሷ ሙገሳውን ብቻ ወስዳ ትስቃለች።

የማስተማሪያ ቪዲዮ ካሴቶቹ ወደ ምን ይገልበጡ ተብሎ ኮሚቴ ሲቀመጥ፣ ጥራት ያለውን ውድ ዲስክ የመረጠው የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ "ብሉሬይ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ" ብሎ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ ራሱ ብሉሬይ ሆኖ ቀረ። ቆጣቢት ግን ሞገተችው። "ካሴቱ ራሱ ደብዛዛ ነው፤ በውድ ዲስክ ቢገለበጥም ያው ደብዛዛ ነው። የመማሪያ ክፍሎቹ ማጫወቻዎች ደግሞ ከዲቪዲ ሌላ አያውቁም" አለች። ትክክል ነበረች። ዲሬክተሩም "እሺ፣ በአንቺ ኃላፊነት" ብሎ ፈረደላት።

ክፍሏ ገብታ የቀሩትን ዲስኮች አንድ በአንድ ሞከረች። ለአንባቢዎች የተቀመጠው ማጫወቻ አላነበባቸውም። የቢሮው ኮምፒውተርም ባዶ ናቸው አላት። ያኔ ገባት።

ካሴቶቹን ወደ ዲስክ የቀዳችበት ማሽን በየዲስኩ መጨረሻ "ይዘጋ?" እያለ ሲጠይቃት "አይ" ስትለው ነው የከረመችው። አንዴ ከተዘጋ ምንም አይጨመርበትም። እሷ ደግሞ መምህርቷ ወደፊት ማብራሪያ ትጨምርበታለች ብላ ለተረፈችው ቦታ ሳሳች። ያልተዘጋ ዲስክ ከቀዳው ማሽን በቀር ሌላው አያነበውም። ስትፈትሻቸው የነበረውም በዚያው ማሽን ነው፤ በሱ ላይ ሁሉም ያለ ችግር ይታዩ ነበር። ማሽኑ በቅርቡ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ተቃጠለ፤ ዓይነቱም ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። "እንኳን ሥራውን ጨርሶ ሞተ" ብለው ስቀውበት ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

ከመስኮቱ ሥር የጭነት መኪና ወደ ኋላ እየመጣ ጮኸ። የካሴቶቹ መጋዘን ለአዳዲስ ኮምፒውተሮች ሊለቀቅ ነው፤ ካሴቶቹ ዛሬ ወደ ቆሻሻ መጣያ ይሄዳሉ። የቀረጿቸው ሐኪም በሕይወት የሉም። እንዲህ ያለ ምጥ ደግሞ በቀጠሮ አይመጣም፣ እንደገና ይቀረጽ ቢባል የሚሆን አይደለም።

ባሏ ጋ ደወለች። እሱ ሥራ ከፈታ ወዲህ ቤቱ የቆመው በእሷ ደሞዝ ነው፤ የእሷም የሙከራ ጊዜ ገና አላለቀም።

"ለማን ተናገርሽ?" አለ ሰምቷት ሲያበቃ።

"ለማንም።"

"እንግዲያው ዝም በይ፣ ቋሚ እስክትሆኚ። ካሴቶቹ ይሂዱ። በኋላ ዲስኩ ከፋብሪካው ብልሽት ነበረበት ትያለሽ። ማን ያጣራል?"

"የሰው ሕፃን እኮ ነው የሚያዋልዱት..."

"እኛስ ልጆች የሉንም? እባክሽ የኔ እናት።"

አልተቆጣትም። ድምፁ ፈርቶ ነበር፣ እሷንም ይበልጥ ያስፈራት ይኸው ነው።

ደረጃውን ወረደች። ግቢው ውስጥ ሠራተኞቹ ካርቶኖቹን እየተቀባበሉ ይጭናሉ። ዲሬክተሩና ብሉሬይ ጥላ ሥር ቆመው ያያሉ።

"ነይ፣ ነይ እንጂ!" አለ ዲሬክተሩ። "ያን ሁሉ ኮተት በአንድ መደርደሪያ አስገባሽልን። የቋሚነትሽን ነገር ዛሬውኑ ነው የምጨርስልሽ።"

"የኔን ብሉሬይ ብንጠብቅ ኖሮ እስከ ዛሬ ኮሚቴ ላይ ነበርን" አለ ብሉሬይ እየሳቀ። "ልመን እንጂ፣ በልጠሽኛል።"

ምነው በሰደበኝ አለች በልቧ። የመጨረሻው ካርቶን ተጫነ፤ ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ። መኪናው ከበሩ እስኪወጣ ብቻ አፏን ብትይዝ ነገሩ አለቀ፤ ከዚያ በኋላ ብትናገርም የሚተርፍ ነገር የለም። ግን ቅድም መማሪያ ክፍሉ ውስጥ ከፊት ወንበር ተቀምጣ የነበረችው ልጅ እግር ተማሪ በዓይነ ሕሊናዋ ታየቻት፤ ነገ የሕፃኑ ራስ ወጥቶ ትከሻው ሲቀር፣ እናቲቱ ስትጮህ፣ ሁለት እጇን ይዛ የምታደርገው ሲጠፋት።

"ቁም!" አለች ለሾፌሩ። ድምጿ የራሷ አልመስል አላት። ከዚያ ወደ ዲሬክተሩ ዞረች። "ዲስኮቹ አይሠሩም።"

"የትኞቹ?"

"ሁሉም። አልዘጋኋቸውም። ማሽኑ እየጠየቀኝ እኔ ነኝ አይ ያልኩት። ያሉን እነዚህ ካሴቶች ብቻ ናቸው።"

የብሉሬይ ሳቅ አፉ ላይ ቀረ። ዲሬክተሩ ወደ እሷ ተጠጋ።

"የምትናገሪውን ታውቂዋለሽ? አሁን ቋሚ ላደርግሽ ነበር እኮ።"

"አውቃለሁ።"

ዲሬክተሩ ጀርባውን ሰጥቷት ወደ ቢሮው ሄደ። ብሉሬይም አንገቱን ደፍቶ ተከተለው። "ካርቶኖቹን አውርዱልኝ" አለች ቆጣቢት። ሾፌሩ በመስኮቱ ብቅ አለ።

"እኔ ጫን ተብዬ ነው የመጣሁት። ማን አውርድ አለህ ቢሉኝ ማን ልበል?"

ቆጣቢት ወደ ቢሮው በር ተመለከተች። ማንም አልወጣም። ካርቶን ልትቀበል ሁለት እጇን ወደ ጭነቱ ዘረጋች።

"እኔን በል።"