ለእንሽላሊት የተከፈተ ዘምዘም

ኡሙሰልማ እንሽላሊት የምትጠላው በከንቱ አይደለም፤ ለጥላቻዋ ታሪክ አላት። ነቢዩ ኢብራሂም እሳት ውስጥ የተጣሉ ለታ እንስሳቱ ሁሉ በየአቅማቸው ውሃ ይዘው ሲሮጡ፣ ይቺ የግድግዳ እንሽላሊት ብቻ ቁጭ ብላ እሳቱን እንዲነድ እፍ ትል ነበር። ወሎ ውስጥ ሐይቅ ከተማ ሳለች ከእናቷ የሰማችው ይህንን ነው። ስለዚህ እንሽላሊት ባየች ቁጥር ልትመታበት ጫማዋን ታወልቃለች። መቀሌ መጥታ ቁሓ መንገድ ዳር በርበሬና እርድ መሸጥ ከጀመረች በኋላም ልማዷ አልተዋትም።

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር የሚባለው ብዙ ለወለደች ነው። እሷ ግን አንድ ወልዳ እሱኑ ዥንጉርጉር አድርጋ ወለደችው። ልጇ ኢክሪማ ከጎረቤቱ ልጅ ከአብዱልወዱድ ጋር ሆኖ እንዳ ኢየሱስ ካለው አሮጌ ምሽግ ግንብ ሥር ሁለት እንሽላሊት ይዞ መጣና መስታወት ሣጥን ውስጥ አኖራቸው። ለስም አልተጨነቁም፤ ትልቁ «ኢክሪማ»፣ ጭራው የተቆረጠው ትንሹ «ውዱድ» ተባለ። የአብዱልወዱድ እናት ዓፊፋ በሳቅ ፈረሰች። ኡሙሰልማ አልሳቀችም። የሰው ስም ለእንሽላሊት መስጠት ደግ አልመሰላትም።

ሁለቱ ጎረምሶች «ደሴ ዘመድ ጠይቀን እንመጣለን» ብለው የወጡ ቀን ኢክሪማ በሩ ላይ ቆመ።

«እማ፣ አደራ፣ ውሃ አትንፈጊያቸው። ከሳህን አይጠጡም፤ መስታወቱ ላይ ጠብ ስታደርጊላቸው ይልሱታል። ደግሞ ያገኘሽውን ውሃ ሁሉ አትስጫቸው።»

«ለሰውም የሚመረጥ ውሃ ጠፍቷል» አለችው።

የሄዱት ደሴ አልነበረም። በአፋር በኩል ጅቡቲ፣ ከዚያም ባሕር ተሻግረው ሳውዲ ሊገቡ ከደላላ ጋር ተስማምተው ኖሯል። ሁለቱ እናቶች ይህን ሲሰሙ ተቃቅፈው አለቀሱ። ያን ሰሞን የኡሙሰልማ ጫማ ከእግሯ አልወለቀም። አደራ ነውና የምትጠላቸውን ፍጥረቶች ልታጠጣ ሣጥኑ ፊት ተቀመጠች።

አንድ ቀን ከቦቴ የተቀዳ ውሃ ከጀሪካን ቀንሳ ብታንጠባጥብላቸው ሁለቱም ቀመስ አድርገው ፊታቸውን አዞሩ። ከሰዓት በኋላ ኢክሪማ ደወለ። «ደህና ነን እማ። የምንጠጣው ውሃ ብቻ ናፍጣ ናፍጣ ይላል።» ስልኩን ዘግታ ጀሪካኑን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ናፍጣ ሸተታት።

አጋጣሚ ነው ብላ ራሷን ገሠጸች። ቢሆንም ከኢክሪማ ጋር ዩኒቨርሲቲ ትማር የነበረችውን ዮሃናን አስጠርታ ጠየቀቻት።

«ኣደይ ኡሙሰልማ፣ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው፤ ክፍት ዕቃ ላይ አሳድረው ይስጧቸው» አለች ዮሃና። «የባትሪ ውሃ ንጹሕ ነው ብለው ግን እንዳይሰጧቸው፤ ማዕድን የለውም። የታሸገ የምንጭ ውሃ ከተገኘ እሱ ይሻላል። ኣጆኽን፣ አይዞዎት፣ ይለመዳል።»

ኡሙሰልማ የታሸገ ውሃ ገዝታ መጣች። እንሽላሊቶቹ መስታወቱ ላይ ተለጥፈው ጠብታውን ሲልሱ ቆዩ፤ ከዚያ ቆብ የሌለውን ዐይናቸውን በምላሳቸው እየጠረጉ ትክ ብለው አዩዋት። በማግስቱ ኢክሪማ ደወለ። «ዛሬ የታሸገ ውሃ ሰጡን እማ። ቀዝቃዛ።»

ከዚያ ወዲያ አልተጠራጠረችም። ለዓፊፋ ግን አልነገረቻትም። ሽርክ ነው፣ በአላህ ላይ ማጋራት ነው ትለኛለች ብላ ፈራች፤ እሷም ራሷ ሽርክ መሆኑን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። ግን እናት ናት። ልጇ በረሃ ላይ ነው፤ ውሃው ደግሞ እጇ ላይ ነው።

ከዚያ ስልኩ ዝም አለ። ነዳጅ ጠፍቶ ቦቴው ቀረ፣ ቧንቧው ደረቀ፣ ከሱቆች የታሸገ ውሃ አለቀ። የተረፈው ከጉድጓድ የተቀዳ፣ ሲያፈሉት ድስት ላይ ነጭ ቅርፊት የሚጥል ውሃ ነበር። ሰው እንደምንም ጠጣው። እንሽላሊቶቹ ግን አልነኩትም። ዐይናቸው ጎደጎደ፤ ቆዳቸው እንደ አሮጌ ካልሲ ተሸበሸበ። ቀስ እያሉ አፋቸውን ይከፍቱና ይዘጋሉ፤ አንድ ነገር ለመናገር የሚሞክሩ ይመስላሉ። ኡሙሰልማ ያንን አፍ ማየት አቃታት።

ቁም ሣጥኗ ውስጥ፣ ከከፈኗ ጨርቅ ጋር የተቀመጠ አንድ ትንሽ ጠርሙስ ዘምዘም ነበራት። ሐጅ ያደረገች አክስቷ ከመካው የተባረከ ጉድጓድ አምጥታ የሰጠቻት ውሃ ነው። ነፍስ ስትወጣ ከንፈር ላይ የሚንጠባጠብ፣ የመጨረሻዋ ውሃ። ለዓመታት ክዳኑን እንኳ ነክታው አታውቅም። ነቢዩን ሊያቃጥል የነበረውን እሳት እፍ ላለ ዘር ዘምዘም? «ያረቢ፣ ለልጄ ነው» አለችና ቢስሚላህ ብላ ከፈተችው።

ትልቁ ጠብታውን ገና ሲያየው ላሰው። ደጋግማ አንጠባጠበችለት፤ ደጋግሞ ላሰ። ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ እያየች እንባዋ ወረደ። ጭራ የሌለው ትንሹ እየተንፏቀቀ መጣና ከመስታወቱ ወዲያ፣ ጣቷ ትይዩ አፉን ከፍቶ ጠበቀ።

ጠርሙሱን ብታየው ግማሽ ደርሷል። እኔስ በምን ልሙት አለች በሆዷ። ክዳኑን አጥብቃ ዘጋችው።

«ለአንተ ነገ» አለችው፤ የጉድጓዱን ውሃ ጠብ አድርጋለትም ሄደች።

ሲነጋ ትንሹ ደርቆ ሞቷል። አፉ እንደተከፈተ መስታወቱ ላይ ነበር። የጉድጓዱ ውሃ በጠብታው ቦታ ነጭ ምልክት ትቷል። ትልቁ ሬሳው አጠገብ ተቀምጦ ዐይኑን ይጠርጋል።

በድኑን በወረቀት እየጠቀለለች ሳለች ስልኳ ጮኸ።

«እማ፣ ተርፌያለሁ።» የኢክሪማ ድምፅ የሽማግሌ ድምፅ ሆኗል። «ደላላው ጥሎን ጠፋ። አሸዋው ላይ ወደቅን። ያኔ ከንፈሬ ላይ ውሃ ጠብ ጠብ አለ። ትንሽ ጨው ጨው ይላል። ዐይኔን ስገልጥ ማንም የለም፣ ሰማይ ብቻ ነው።»

«ውዱድስ?» አለች፤ መልሱን እያወቀችው።

«አጠገቤ ነበር። ውሃውን ሲያይ አፉን ከፍቶ ለኔም ለኔም ይል ጀመር። ከዚያ አንድ ድምፅ ለአንተ ነገ አለው። እኔም ሰማሁት። እማ፣ ድምፁ ያንቺ ነበር።»

ስልኩ ተቋረጠ። ወይ እሷ ዘጋችው፤ በኋላም ልታስታውሰው አልቻለችም።

የጓሮው በር ተከፈተና ዓፊፋ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ገባች። የስልኩን ጥሪ በግድግዳው በኩል ሰምታ ነው የሮጠችው። ፊቷ በርቷል።

«የኢክሪማ ነው አይደል? አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ» አለች። «የኔውስ? አብሮት የለም? ምነው አታገናኚኝም ነበር?»

ጠረጴዛው ላይ የዘምዘሙ ጠርሙስ ከነግማሹ ቆሟል። አጠገቡ በወረቀት የተጠቀለለችው ነገር አለች። ኡሙሰልማ እውነቱን ልትነግራት አፏን ከፈተች፤ ከጉሮሮዋ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«ነገ» አለች። «ነገ ይደውላል።»

«ነገማ ምን አላት» ብላ ዓፊፋ ግንባሯን ስማት ወጣች።