ሄክተር ጋን በእሑድ ቦርሳ አይሸከምም

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የጎልፍ ተጫዋቹ ፊንሌይ ጋን የዕለቱን የመጨረሻ ኳስ ከቀዳዳዋ አግብቶ ቀና ሲል፣ በትልቁ ሰሌዳ ላይ ስሙን ከሁሉም በላይ ተጽፎ አየው። ከጎኑ የብራይስ ኮልተን ስም ነበር። ይህ ወጣት አውስትራሊያዊ ኳስን ወደ ሰማይ የሚሰድድ ኃይለኛ ሲሆን፣ ጥቂት የመታ በሚያሸንፍበት በዚህ ጨዋታ ሦስቱን ቀን ተጫውተው ሁለቱም በእኩል ምት ቆመዋል። እሑድ የመጨረሻው ዙር ነው፤ ኦፕን የተባለውን ታላቅ የጎልፍ ሻምፒዮና ዋንጫ ከሁለቱ አንዱ እንደሚወስደው የማይናገር አልነበረም።

ፊንሌይ አርባን ያለፈ ሰው ነው። ስሙ በብዙ የውድድር ዝርዝር ላይ ተጽፏል፤ ከላይ ግን ተጽፎ አያውቅም። ዘንድሮ ውድድሩ የሆነው እርሱ በተወለደባት በኢንቨርሎካን ከተማ ነው። ከዓሣ አጥማጅ ጀልባዎች ማረፊያ አንሥቶ በአሸዋው ኮረብታ ላይ የሚዘረጋው ያ ሜዳ ጥርሱን የነቀለበት ነው። ለዚህ ውድድር የደረሰውም በማጣሪያ ተንጠላጥሎ ነው። በዚህ ዕድሜው እንዲህ ያለ ቀን ዳግመኛ እንደማይመጣለት እርሱም ያውቃል፤ ከተማውም ያውቃል።

ሦስቱን ቀን የመምቻ ዱላዎቹን ቦርሳ የተሸከመለት አባቱ ነበር። ሄክተር ጋን ዕድሜውን በባሕር ላይ ያሳለፈ፣ ዛሬ መረቡን ሰቅሎ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆኖ የሚያገለግል፣ ከንግግሩ ዝምታው የሚበዛ አዛውንት ነው። የኢንቨርሎካን ነፋስ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ ሐሳቡን የሚለውጥ ሲሆን፣ ሄክተር ግን አንድም ቀን አልተሳሳተበትም። ልጁ «ምን ይሻላል?» ብሎ ይጠይቃል፤ አባት ዱላውን ከቦርሳው መዝዞ ያቀብለዋል፤ ልጁ ይመታል። «ለምን?» የሚል ጥያቄም፣ «ስለዚህ ነው» የሚል መልስም በመካከላቸው ኖሮ አያውቅም።

ያን ዕለት ማታ፣ በሐምሌ ፀሐይ ለመጥለቅ በምትለግምበት በዚያ አገር፣ ሦስቱ በወጥ ቤቱ ገበታ ዙሪያ ተቀምጠው የተጠበሰ ዓሣ ሾርባ በአጃ ቂጣ ይበላሉ፤ አባት፣ ልጅ፣ ታላቅ እኅቱም ኢሽቤል። ጎረቤታቸው ባለ ሥጋ ቤቱ ኤዋን ሮስ እንኳን ደስ ያላችሁ ለማለት ገብቶ በሩን ተደግፎ ቆሟል። ሄክተር ማንኪያውን አስቀመጠና፣ ነገ ቦርሳውን ኢሽቤል ትሸከማለች አለ። ሁሉም ይህ ቃል እንደሚመጣ ከሐሙስ ጀምሮ ያውቁ ነበር፤ ሁሉም ግን ሳይመጣ ይቀር እንደሆነ ብለው ሲጠብቁ ሰንብተዋል።

መታገሥ ያቃተው ኤዋን ነበር። «አንተ ሄክተር» አለ፣ «በሬህ በሰንበት ጉድጓድ ቢገባ አታወጣውም? ወንጌሉ ፈቅዶልህ የለ እንዴ?»

«በሬ ነው የተባለው፣ ኤዋን» አለ ሄክተር። «ኳስ አልተባለም።»

ኢሽቤል ሾርባው ትን እስኪላት ሳቀች። ፊንሌይ ግን አልሳቀም። አባቱን ትክ ብሎ አየና፣ እስከ ዛሬ ለምኖት የማያውቀውን ለመነው፤ ይህች አንድ ቀን ናት፣ ያለ እርስዎ ነፋሱን አላውቀውም፣ ዕድሌን በእጅዎ ይዘውት በመጨረሻው በር ላይ አይጣሉት አለው። ሽማግሌው ሳያቋርጥ አደመጠው።

«ልጄ፣ እንዳትጫወት አልከለክልህም፤ እርሱ በአንተና በፈጣሪህ መካከል ነው» አለው። «እኔ ግን ስድስቱን ቀን የአንተ ነኝ። ሰባተኛው የእኔም አይደለም።»

ከዚያም የገበታውን ምስጋና አድርሶ ተነሣ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር ይነፍስ ነበር። የሜዳው ጠርዝ በሰው ተሞልቷል፤ የባንኩ ሠራተኛ፣ መረብ ጠጋኙ፣ የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር፣ ሁሉም ከአሸዋው ኮረብታ ላይ ወጥተው ቆመዋል። ኢሽቤል የአባቷን ኮፍያ ደፍታ ቦርሳውን አንግታለች። ከዐሥራ ስምንቱ ጉድጓዶች በሁለተኛው ላይ ፊንሌይ ከልማዱ የተነሣ እጁን ዘረጋና «ምን ይሻላል?» አለ።

«እኔን አትየኝ» አለችው እኅቱ። «እኔ የጥርስ ሐኪም ነኝ። የትኛው እንደሚነቀል ጠይቀኝ።»

ፈገግ አለ፤ ሆኖም በቀዳዳዋ ላይ የተተከለውን ባንዲራ አይቶ መረጠና ሳተ። በአምስተኛው ላይ ደግሞ ሳተ። ነፋሱ በመሬት ላይ አንድ ነገር፣ በሰማይ ላይ ሌላ ነገር ይናገራል፤ የባንዲራው ጨርቅ እውነቱን የሚናገረው ኳሷ ከሄደች በኋላ ነው። ኮልተን ግን ወጣትነት እንደ ጋሻ ሆኖለት ረጋ ብሎ ይጫወታል። ግማሹን ሲጨርሱ አውስትራሊያዊው በሁለት ምት ቀድሞ ነበር። ከተማውም ዝም አለ፤ እንደዚህ ያለውን ዝምታ ፊንሌይ ከብዙ ውድድር ያውቀዋል፤ ሰው ተስፋውን በቀስታ አጥፎ ወደ ኪሱ ሲመልስ የሚሰማ ዝምታ ነው።

ወደ ዐሥረኛው ሲሻገሩ ኢሽቤል ከጎኑ ተራመደች።

«አባባ እንዴት እንደሚያውቅ ነግሮህ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«አንተስ ጠይቀኸው ታውቃለህ?»

ፊንሌይ አልጠየቀም ነበር። ለልጅ የአባት እጅ ዘወትር የተዘረጋ ስለሚመስለው፣ እጁ ከወዴት እንደሚያመጣ አይመረምርም። አሁን ግን፣ ሕዝቡ በገመዱ ወዲያ ማዶ ቆሞ፣ አባቱ ሦስቱን ቀን በአጠገቡ እንዴት ይቆም እንደነበር ለማስታወስ ሞከረ። ያስታወሰውም ነገር አስደነገጠው። ሁሉም ሰው፣ ራሱ ፊንሌይም ጭምር፣ ባንዲራውን ሲያይ አባቱ አንድም ቀን አይቶት አያውቅም። ጀርባውን ለባንዲራው ሰጥቶ ወደ ባሕሩ ይመለከት ነበር። ፊንሌይ ያን ሁሉ ጊዜ ሽማግሌው የድሮ ሥራው ናፍቆት ይመስለው ነበር።

ዘወር ብሎ ባሕሩን አየ። መጀመሪያ ያየው ውኃ ብቻ ነው። ቀጥሎ ከወደቡ ወዲያ፣ ውኃው ሲሸሽ ብቅ በሚለው የአሸዋ ደለል ላይ የሰፈሩትን ነጫጭ የባሕር ወፎች አየ። በመቶ የሚቆጠሩ ናቸው፤ ሁሉም ምንቃራቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ መልሰው፣ እንደ ማኅበረ ካህናት በሰልፍ ቆመዋል። ወፍ ነፋስ ላባዋን እንዳይገልጠው ፊቷን ወደ ነፋሱ ሰጥታ እንደምትቆም የዓሣ አጥማጅ ልጅ ሁሉ ያውቃል፤ እርሱም በልጅነቱ ያውቅ ነበር፤ በዱላና በኳስ ዓለም ሲኳትን ረሳው። ሰልፉ በስተቀኝ በኩል ጥቂት ዘመም ሲል አየና መታ። ኳሷ በአየር ላይ ሳለች ነፋሱ ልክ እንደ ወፎቹ ዘመመ፤ ኳሷም አብራ ዘመመችና ከባንዲራው ሥር ዐረፈች።

ከዚያ በኋላ «ምን ይሻላል?» ብሎ አልጠየቀም። በየምቱ ፊት ጀርባውን ለባንዲራው ይሰጣል፤ ባሕሩን ያያል፤ ዱላውን በገዛ እጁ ይመዝዛል። ኢሽቤል እንደ ደብር ዲያቆን በዝምታ ትከተለዋለች። በዐሥራ ሦስተኛው አንድ ምት አስመለሰ። በዐሥራ ስድስተኛው ሌላውን አስመለሰ። የታጠፈው ተስፋ ከየኪሱ ወጣ፤ ሕዝቡም ከኮረብታ ወደ ኮረብታ እየሮጠ ይከተላቸው ጀመር። ወደ መጨረሻው ጉድጓድ እኩል ሆነው ደረሱ።

የመጨረሻው ጉድጓድ ከባሕሩ ወደ ከተማው የሚመለስ ነው። ቀዳዳዋ ባለችበት በአረንጓዴው መስክ ፊት ለፊት፣ ግንብ እንደ ሠሩለት ቦይ፣ ጠባብ ጅረት ይፈሳል፤ የብዙ ሰው ሻምፒዮና በዚያ ውኃ ሰጥሞ ቀርቷል። ሁለቱም የመጀመሪያ ምታቸውን በደኅና መቱ። የፊንሌይ ኳስ ወደ ኋላ ስለቀረች ሁለተኛውን ቀድሞ የሚመታው እርሱ ሆነ። ነፋሱ አሁንም ከየብሱ ፊቱን ይገርፈዋል፤ ባንዲራውም ወደ እርሱ ተዘርግቶ ይርገበገባል። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ከምሽቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል መሆኑን አበሰረ፤ አባቱ በዚህ ሰዓት ለማታው ጸሎት በቤተ ክርስቲያን መቀመጫው ነው።

ኢሽቤል ሳትጠየቅ የስድስት ቁጥሩን ዱላ አወጣች። እንኳን ለሻምፒዮን ለጥርስ ሐኪምም ግልጽ ነበር፤ የዱላው ቁጥር በጨመረ መጠን ኳሷ የምትሄደው ርቀት ያንሳልና፣ እንዲህ ባለ ነፋስ ላይ ከዚያ የደከመ ዱላ ኳሷን ከጅረቱ አያሻግራትም።

ፊንሌይ ዞሮ ባሕሩን አየ። ውኃው መመለስ ጀምሯል፤ የአሸዋውን ደለል ከዳር እየበላው ነው። በደለሉ ጫፍ ያሉት ወፎች ከመሬት ብድግ አሉና ተመልሰው ሰፈሩ። ሲሰፍሩ ግን ፊታቸው ወደ ከተማው አልነበረም፤ ወደ ባሕሩ ሆነ። ቀጥሎ ያሉትም እንዲሁ አደረጉ። ገጽ እንደሚገለጥ ሁሉ፣ ዙረቱ ከሰልፉ ጫፍ ወደዚህኛው ጫፍ እየተሻገረ መጣ።

ነፋስ ወደሚወደው ይነፍሳል፤ ከወዴት እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም ተብሎ ተጽፏል። ፊንሌይም ዐወቅሁ ብሎ አልታበየም። ያየውን ብቻ አመነ።

«ዘጠኝ ቁጥር» አለ።

ኢሽቤል ባንዲራውን አየችው፤ እርሱንም አየችው። «ወንድምዬ፣ ዘጠኙ ውኃ ውስጥ ነው የሚከተው። አገር ቆሞ እያየህ ነው።»

«ዐውቃለሁ። ስጪኝ።»

ሰጠችው፤ ፊቷንም አዞረች። ዘጠኝ ቁጥር በእጁ መሆኑን ያየ ሁሉ አጉረመረመ፤ ኤዋን ሮስ በገመዱ ዳር ቆሞ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ፊንሌይ ቆመ፤ ተነፈሰ፤ መታ። ኳሷ ወደ ላይ ወጣች፤ በዚያ በሚገርፈው ነፋስ ላይ ለአፍታ የተሰቀለች መሰለች። በዚያች አፍታ ባንዲራው ከእንጨቱ ላይ ተልፈሰፈሰ። ቀጥሎ ከፊንሌይ ጀርባ የባሕር ሽታ ያዘለ ብርድ መጣ፤ ሸሚዙን ከጀርባው አጣበቀው፤ አለፈውና ወደ ሰማይ ወጣ፤ ኳሷንም እንደ እናት እጅ ከበታቿ ተቀበላት። ጅረቱን ተሻገረች። ከባንዲራው ወዲህ ወደቀች፤ ነጠረች፤ ተንከባልላ ከቀዳዳዋ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆመች።

የዚያን ሕዝብ ድምፅ የሚገልጽ ቃል ለማግኘት የኢያሪኮን ቅጥር ማስታወስ ይበቃል።

ኮልተን ቁም ነገረኛ ልጅ ነበር፤ ዱላውን በብብቱ ይዞ በቅን ልቡና አጨበጨበለት። ነፋሱ ግን የመረጠውን ዱላ አበላሽቶበታል። አንዱን መለሰ፣ ሌላውን አወጣ፣ ያንንም መለሰ፤ በመጨረሻ የመታት ኳስ ከአረንጓዴው ሩቅ ጠርዝ ደረሰች። ከዚያ ርቀት የሰደዳት ኳስ የቀዳዳዋን ከንፈር ዳስሳ አለፈች። ፊንሌይ የእርሱን አስገባ። ኢሽቤል የአባቷን ኮፍያ ወደ ሰማይ ወረወረችው፤ አዲሱ ነፋስም ይዞት ወደ ከተማው ሄደ።

ዋንጫውን ተቀብሎ፣ የሚባለውን ብሎ፣ የሚጨበጠውን ሁሉ ጨብጦ ሲጨርስ ድግስ ወዳለበት አልሄደም። ከእኅቱ ጋር በዓሣ ገበያው ጎዳና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጣ፤ ከኋላቸውም ከተማው በሙሉ። በበሩ ሲደርስ ውስጥ ያለ መሣሪያ የሚዜመው የመጨረሻው መዝሙር ገና ስላላለቀ፣ ዋንጫውን በደረቱ አቅፎ በደረጃው ሥር ቆመ። የሚከተለውም ሕዝብ እንዳይረብሽ ድምፁን ዋጠ። ብዙ ሺህ ሰው እንዲህ ጸጥ ብሎ በኢንቨርሎካን ታይቶ አይታወቅም።

ቡራኬው ተሰጠ፤ ምእመናኑ ወጡ። ሰንበት ነውና አንዳቸውም እልል አላሉም፤ ግን አንዲት የዓሣ አጥማጅ መበለት ስታልፍ ጓንቷን አውልቃ የዋንጫውን ብር በጣቷ ዳሰሰችው፤ ከኋላዋ ያሉትም ሁሉ በተራ እንዲሁ አደረጉ። ሄክተር በሩን የሚዘጋው እርሱ ስለሆነ በመጨረሻ ወጣ። ዋንጫውን አየ፤ ልጁን አየ፤ እጁን ዘርግቶ ትከሻውን ያዘው። ለረጅም ጊዜ እንዲሁ ያዘው።

«ነፋሱ የዞረው በመጨረሻው ጉድጓድ፣ በሁለተኛው ምትህ ላይ ነው» አለ።

«እንዴት ዐወቁ፣ አባባ?»

«በባሕሩ በኩል ያለው በር በራሱ ተዘጋ፤ ሰዓቱንም ቆጥሬ የት እንደ ደረስህ ዐወቅሁ። ከዚያ በኋላ ከስብከቱ አንዲት ቃል አልሰማሁም፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።» ከዚያም ሰባኪው እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለመሆኑ በምን መታህ?» አለው።

«በዘጠኝ ቁጥር።»

ሽማግሌው ዐይኖቹን ጨፈነ። የልጁን ምት ከመነሻዋ እስከ ማረፊያዋ በልቡ የሚከተላት ይመስል ነበር። ከዚያም ፊንሌይ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አይቶበት የማያውቀው ሳቅ በገጹ ላይ ፈነጠቀ።

«እኔ ስምንት እሰጥህ ነበር» አለ።