የመሰናበቻዋ አንድ ደቂቃ

ወጌሻው ፋሻውን ከጉልበቷ በታች ጀምሮ ወደ ላይ እየጠመጠመ ነበር። በየዙሩ አውራ ጣቱን ከጨርቁ ስር ሰደድ አድርጎ ጥብቀቱን ይፈትሻል። ሰንበሌጥ የታመመ እግሯን አልጋው ላይ ዘርግታ ቁልቁል ታየዋለች። ይህን ስም ያወጡላት ገና በልጅነቷ በቁመት እናቷን ስታልፍ ነው፤ በእውነተኛ ስሟ የሚጠራት አሁን ባንክ ቤት ብቻ ነው።

«አሁንም ያብጣል?»

«ደረጃ ስወጣ ብቻ ነው፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ሜዳው ደረጃ የለውም ይሉሻል» አለ ወጌሻው። ሁለቱም ሳቁ።

ሳቃቸው ሳያልቅ የቅርጫት ኳስ ክለቡ ሥራ አስኪያጅ ሳያንኳኳ ገባ።

«ዛሬ የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ነው» አለ። «ሕዝቡ ሊሰናበትሽ ይፈልጋል። ማብቂያው ላይ አንዲት ደቂቃ ትገቢያለሽ። ኳስ ባትነኪም ግድ የለም፤ ያጨበጭቡልሻል፣ ትወጫለሽ።»

«ሊሰናበተኝ? የት ልሄድ ነው?»

«አባባል ነው እንጂ።»

ሰንበሌጥ አባባሉን ታውቀዋለች። ውሏ ገና አንድ ዓመት ይቀረዋል። ሜዳ ላይ የተጎዳ ተጫዋች እስኪድን ድረስ ክለቡ ሊያሰናብተው አይችልም፤ ደመወዙም ሕክምናውም የክለቡ ዕዳ ነው። ከጉዳቱ በኋላ አንዴ ከተጫወተ ግን ድኗል ይባላል፤ የዳነውን ደግሞ በማግስቱ ማሰናበት ይቻላል። የጉልበቷ ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ተይዟል። ያለ እሱ ያ ጉልበት እንኳን ለቅርጫት ኳስ፣ አውቶብስ ለመሳፈርም አይበቃም።

ዓምና የቀድሞዋ አምበል ትከሻዋን ተጎድታ ሳለ ልክ እንዲሁ «አንዲት ደቂቃ» ተብላ ገብታ ነበር። አዳራሹ ብድግ ብሎ አጨበጨበ፤ ሰንበሌጥም መዳፏ እስኪግል አጨበጨበች። በማግስቱ አምበሏ ዕቃዋን በፌስታል ይዛ ወጣች። ትከሻዋ ስላልዳነ እስከ ዛሬ ፀጉሯን የምታበጥርላት እህቷ ናት።

«አልገባም» አለች ሰንበሌጥ።

«እሺ ይበልጣል ከሺህ፣ ልጄ።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፣ ጌታዬ። ወረቀቱ አለ። ሞኝ ከፈለጉ ደግሞ እኔ አለሁልዎ።»

ወጌሻው ፊቱን ወደ ፋሻው ደፋ።

ሥራ አስኪያጁ አልተቆጣም። «አሰልጣኙ ስምሽን ሲጠራ፣ አዳራሹ ሲነሳ፣ ያኔ እናያለን» ብሎ በሩን ሳይዘጋ ሄደ።

ይህ ነው ያስፈራት። ሰውየው ገመናዋን ያውቃል፤ ስትጠራ እግሯ ከጆሮዋ ይቀድማል። አንድ ቀን ሆስፒታል ወረፋ ስትጠብቅ ነርሷ «ቀጣይ» ብትል ጃኬቷን አውልቃ ለመሮጥ ተነስታ በሽተኛውን ሁሉ አስቃለች።

እናቷም ብትሆን ጠዋት የማሊያዋን የላላ ቁጥር ስትሰፋ «ዓመት ሙሉ ስትጫወቺ ሳላይሽ፣ አንዲት ደቂቃ ሮጥ ብትዪልኝ ምን አለበት?» ብላት ነበር። ልብስ ሰፊ ናት፤ የልጇን የመጀመሪያ ማሊያ የሰፋችው እሷ ናት። ሰንበሌጥ የአምበሏን ነገር ስትነግራት መርፌዋን አቁማ አዳመጠች። ከዚያ ክሩን ቋጥራ በጥርሷ በጠሰችው።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ሰንበሌጥ ከተቀያሪዎቹ ወንበር ላይ ጎንበስ አለች። የግራ ጫማዋን ክር ከቀኙ ጋር አገናኝታ፣ እናቷ በምትቋጥርበት ዓይነት ሁለት ጊዜ አጠበቀችው። ከዚያ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች።

አሰልጣኙ ዓይኗን ሳያይ ጠራት። «ሰንበሌጥ፣ ግቢ።»

ጃኬቷ መቼ እንደወለቀ አላወቀችም። እግሮቿ ብድግ አሉ፤ ቋጠሮው ያዛቸው፤ ተመልሳ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች። አዳራሹ ግን መነሳቷን ብቻ አይቶ ቆመ። «ሰን-በ-ሌጥ! ሰን-በ-ሌጥ!» ሥራ አስኪያጁ ከፊት ረድፍ እጁን ከራሱ በላይ አንስቶ ያስጨበጭባል።

አሰልጣኙ ጎንበስ ብሎ ጫማዎቿን አየ። «ምንድን ነው ይሄ?»

«እግሬን አላምነውም፣ አሰልጣኝ። ከኔ ይልቅ እርስዎን ይሰማል።»

«ፍቺው። ሰው እያየን ነው።»

«ይየን። ጉልበቴ ሳይድን ለመግባት አልፈታውም።»

«ተነሺ! ተነሺ!» ይላል ሕዝቡ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ከላይኛው ረድፍ አንድ ቀጭን ድምፅ ብቻውን ተነሳ። «ተቀመጪ! ተቀመጪ፣ ልጄ!» ሰዎች ዞረው እናቷን አዩና ሳቁ። እሷ ግን አላቆመችም፤ በእጇም ወደ ታች እየጠቆመች ደገመችው።

አሰልጣኙ ቀና ብሎ ሥራ አስኪያጁን አየ። ቆይቶ ከአጠገቧ የተቀመጠችውን ልጅ ጠራና አስገባ። ሰንበሌጥ ጃኬቷን አንስታ በዝግታ ለበሰች፤ ከፊት ረድፍ ላይ ዓይኗን ሳትነቅል ዚፑን እስከ አገጯ ሳበችው።

ጨዋታው ሲያልቅ በወጌሻው ትከሻ ተደግፋ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ ወደ ክፍሉ ተመለሰች። ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ጠበቃት።

«ነገ ጠዋት ቢሮዬ ትመጫለሽ።»

«ቢሮዎ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃ ጉልበቴን ያሳብጠዋል። እርስዎ ይውረዱ። ሁለት ሰዓት ላይ እዚሁ ነኝ፤ ጋሼ በረዶ ይይዝልኛል።»

ሰውየው ወጌሻውን ገላመጠው። ወጌሻው ራሱን ነቀነቀ። «እውነቷን ነው፤ ያብጣል።»

ሥራ አስኪያጁ ዞሮ ወደ ደረጃው ሄደ። ሰንበሌጥ አልጋው ላይ ወጥታ ጫማዎቹን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ቋጠሮው ከረር ብሏል። ወጌሻው መቀስ ዘረጋላት።

«ተው ጋሼ። ክሩን ለሚመጣው ዓመት እፈልገዋለሁ።»

በጥፍሯ አንዱን ዙር አላላች፣ ሁለተኛውን ሳበች። ክሮቹን ለየብቻ አስተካክላ በየጫማው ውስጥ ከተተችና ጥንዱን ከመደርደሪያው ላይ፣ ከፋሻዎቹ ጎን አኖረችው።